የስምንት መኪና ዕጣ

ጥቅምት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የመኪናው ደንብ ዛሬ ጸደቀ። ከኅዳር 16 ጀምሮ ወደ አሞራ ገደል ጥብቅ ሥፍራ ጎብኚ ይዘው የሚገቡት መኪኖች ስምንት ብቻ ናቸው። ስምንቱም ከማኅበራችን የአንድ ዓመት ፈቃድ ያወጣሉ። እስካሁን ቁጥርም ፈቃድም አልነበረም፤ መኪና ያለው ሁሉ ይገባ ነበር። ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ሃያ ሦስት መኪና አንዲት ቀይ ቀበሮ ሲከተል ውሎ ሜዳውን አረሰው። የጎማው መስመር ውኃ ይዞ ከረመ። ቀበሮዋ ወደ ጉድጓዷ አልተመለሰችም።

ደንቡን ያረቀቀችው ሐና ናት፤ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ ወደ እኛ ከተላከች ስድስት ወሯ። «ፍትሐዊና ግልጽ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ቦታ ገብቷል። ቆጥሬዋለሁ። ሊቀ መንበራችን መምሬ መልከ ጼዴቅ «አንድ ቦታ ብትጽፊውም ይገባን ነበር» አሏት።

«አንድ ቦታ ሲሆን ይዘለላል፣ መምሬ» አለች።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዘጠኝ ዓመት የጸሐፊነት ዘመኔ በሙሉ ድምፅ ሲወሰን ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ከቀትር በፊት ይለቅ የሚለው ነበር። አልተፈጸመም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ምዝገባው ተዘጋ። ሃያ ሰባት አመልካች። አንዱ ባጃጅ ነው፤ ደንቡ አራት ጎማ ስለሚል መለስኩት። አንዱ ገና ሊገዛው ላሰበው መኪና አመለከተ። «የሰሌዳ ቁጥር» በሚለው ቦታ ላይ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ ሞልቷል።

መጀመሪያ የተመዘገበው ጫኔ ነው። ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያዎቹን ፈረንጆች ወደ አሞራ ገደል ያስገባው እሱ ነው፤ ያኔ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የሱ ላንድሮቨር ሌላ ሥራ የላትም፤ እሱም የለውም። እኔና እሱ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ቅጹን ገልብጦ አየና «ቅጣው፣ ልምድ የሚጻፍበት ቦታ የለውም?» አለኝ።

የለውም አልኩት። ሐና አውጥታዋለች፤ ልምድ ከተቆጠረ አዲስ ሰው መቼም አይገባም ብላ።

«ጥሩ፣ ጽሑፍ ቀነሰልኝ» አለ።

ምንዳዬም ተመዘገበ። የሚስቴ የተሾመች ወንድም ነው። በነሐሴ በጎቹን በሙሉ ሸጦ ላንድክሩዘር ገዛ። ቁጥሩ ሃያ ስድስት ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ቅጹን ከእጁ አልተቀበልኩም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ አነሣሁት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የአመልካቾቹን ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍን። ሙጫ ስላለቀ በገብስ ሊጥ ለጠፍነው። አህያ በላው።

ጥቅምት 11

እንደገና ተለጠፈ፣ አህያ ከማይደርስበት። ሐና አይታ «አሁን ደግሞ ረጃጅሞቹ ብቻ ናቸው የሚያነቡት» አለች። በርጩማ አደረግንበት። በርጩማው ሳይመሽ ጠፋ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ምርመራ። መካኒኩ ከሞላሌ መጣ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ጭስ። ክላክስም አለበት፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን የሚያስደነብር ክላክስ ያለው መኪና አያልፍም። አንዱ ክላክሱ ከነጭራሹ ስለማይሠራ በአንደኝነት አለፈ።

መካኒኩ ከጫኔ ላንድሮቨር ሥር ብዙ ቆይቶ ወጣ። «ይቺን የሚነዳት መካኒክ ነው ወይስ ጸሎተኛ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለቱንም ሳልሆን ነው የኖርኩት» አለ ጫኔ። አለፈች።

የምንዳዬም አለፈ። ጎማው ሁሉ አዲስ ነው። አሥራ ዘጠኝ መኪና፣ ስምንት ቦታ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አሥራ ዘጠኙን በምን እንለይ የሚለው ስብሰባ። ረጅም ስለነበር ቃለ ጉባኤው ላይ ያልገባውን እዚህ ልጻፈው።

መምሬ መልከ ጼዴቅ «ቅርጫ ላይ እንደምናደርገው ዕጣ ይጣል» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ክርክሩ የመጣው እንዴት ይጣል በሚለው ላይ ነው። ሐና ስም የተጻፈበት፣ እኩል የታጠፈ ወረቀት ይሁን አለች። ሽማግሌዎቹ አልወደዱትም። ቅርጫ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ያዋጣል፤ ጠጠር፣ ቁልፍ፣ ስንጥር፣ ያገኘውን። ያ ሁሉ ባርኔጣ ውስጥ ይገባና የማንንም የማያውቅ መንገደኛ ከመንገድ ተጠርቶ ያወጣል። ባለቤቱ «የኔ ነው» ይላል። አለቀ።

«ወረቀት የጻፈው ሰው ያውቀዋል» አሉ መምሬ። «ጠጠሩን ግን ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ጠጠርና ቁልፍ በእጅ ሲዳሰሱ ይለያያሉ» አለች ሐና።

«ሳያውቅ ቢለያቸው ምን ሊያደርገው?»

«የማያውቅ ከሆነ ምንም፣ መምሬ።»

እኔ መምሬን ደገፍኩ። የደገፍኩት ልማዱን ስለማምንበት ነው። ያን ጊዜ ስለ ምንዳዬ አላሰብኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢሆንም እዚህ ይጻፍ።

ዕጣው ኅዳር 14፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። መንገደኛውን የሚጠራው ጸሐፊው ይሁን ተባለ። ለምን እኔ እንደሆንኩ አልተነገረም። ዘጠኝ ዓመት ስለታመንኩ ይመስለኛል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ተሾመች ምስር እየለቀመች «ባይወጣለትስ?» አለች።

«ማን?»

«ማን ትለኛለህ?»

«ለአሥራ አንዱ አይወጣላቸውም። እሱ ብቻ አይደለም።»

«አሥራ አንዱን እኔ አላሳደግኋቸውም» አለች።

እናታቸው ስትሞት ምንዳዬ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እሷ አሥራ አራት። ይህን አልተናገረችም፤ ምስሩን ቀጠለች። ድንጋይ እንደሌለበት አይቻለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። ምንዳዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ አለ። ከአሮጌ ጎማ የቆረጣትን ትንሽ ቁራጭ በጣቶቹ ያገላብጥ ነበር። የዕጣው ምልክቱ እሷ ናት። የሰው ሁሉ ጠጠርና ብረት በመሆኑ ከሌላው እንዳትምታታበት ነው አለ።

«ጋሼ፣ መንገደኛውን አንተ ነህ አሉ የምትጠራው።»

«በስብሰባ ተወስኗል። ምስጢር አይደለም።»

«ከቅዳሴ በኋላ?»

«እሱም ተለጥፏል።»

ከዚያ ስለ ቅበላ አነሣ። የኅዳር 14 ማግስት የነቢያት ጾም ስለሚገባ እሱ ቤት እንድንሰበሰብ ፈልጓል። «አበልጄ ይሥሐቅም ከራቤል ይመጣል። ግራጫ በቅሎ አለችው፤ ታውቃት የለ?»

«በቅሎ ብዙ ነው» አልኩት።

ተሾመች ሳህኖቹን አነሣች። ገና አልጨረስንም ነበር።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ዕጣው በሰላም ተፈጸመ። አሥራ ዘጠኙም ተገኙ። ምልክቶቹን በመምሬ ባርኔጣ ሰበሰብኩ፤ በነጠላ ተሸፈነ። መምሬ «ቅጣው፣ ውጣና መንገደኛ ጥራ» አሉኝ። ወጣሁ። ግራጫ በቅሎ ያለው ሰው መንገዱ ላይ ነበር። ጠራሁት፣ መጣ። አንድ በአንድ ስምንት አወጣ። ሦስተኛው ላይ እጁ ባርኔጣው ውስጥ ትንሽ ቆየ። የጎማ ቁራጭ ነበር። ምንዳዬ «የኔ ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ።

የጫኔ ምልክት ብሎን ነበረች፤ አልወጣችም። ባርኔጣው ሲገለበጥ ከቀሩት ጋር ወደቀች። አንሥቶ ኪሱ ከተታት። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ጎብኚዎች ቀጥረውት እንደነበር አውቃለሁ። ያለ ፈቃድ ከኬላው አያልፍም።

ሐና ለመንገደኛው ውኃ ሰጠችውና «መልካም መንገድ» አለችው።

ከዚያ ለቅበላው ምንዳዬ ቤት ሄድን። ባለ በቅሎውም ነበር። ብዙ አላወራንም። እሱ የምንዳዬን ልጅ ክርስትና ሲያነሣ ተገኝተሃል ይላሉ። ብዙ ክርስትና ላይ ተገኝቻለሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31 ተጻፈ። «ከመንገድ አንድ መንገደኛ ተጠርቶ» ይላል። አጭር ነው፤ ይበቃል።

ጾም ገባ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጫኔ አቤቱታ አስገባ። በደንቡ መሠረት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ እስከ ታኅሣሥ 2። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ዕጣውን ያወጣው መንገደኛ ከየት መጥቶ ወዴት ሲሄድ ነበር?»

መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥቼ አስገባሁት። ኮሚቴው አይቶ መልሱን ጸሐፊው ያዘጋጅ አለ። የጠራው እሱ ነው ተባለ። ተገቢ ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የመልሱ ረቂቅ፤ «መንገደኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር።» ሰረዝኩት።

ሁለተኛ ረቂቅ፤ «ማኅበሩ የመንገደኞችን መነሻና መድረሻ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ትክክል ነው። አልላክሁትም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሐና ለመዝገቡ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ አለችኝ። የእጅ ደብተሯን ይዛ ነው የመጣችው።

«ጋሽ ቅጣው፣ ያን ዕለት መንገዱ ላይ ሌላ ሰው ነበር?»

«አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት ነበረች።»

«ትርቅ ነበር?»

«ራቅ ትላለች።»

«ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«አልለካሁትም።»

ጻፈች። የምትጽፈው በእርሳስ ነው፤ ምንም አልሰረዘችም። «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች።

ሴትየዋ አትርቅም ነበር። ከበሩ እስከ እሷ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሰውየው ከእሷ ወዲያ ነበር። ግን ሸክም ነበራት። ሸክም የያዘች ሴት አስቁሞ ዕጣ አውጪ ማለት ደግ አይደለም። አዝኜላት ነው ያለፍኳት።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ምንዳዬ አራት ፈረንጆች ይዞ ገባ። የጫኔ የነበሩት ናቸው፤ አስጎብኚያቸው ከአዲስ አበባ ደውሎ ፈቃድ ያለው ሰው ስጡኝ ብሎ ከዝርዝሩ ያገኘው የምንዳዬን ስም ነው። ዝርዝሩን የላክሁት እኔ ነኝ። በፊደል ተራ ነው የጻፍኩት። በፊደል ተራ ምንዳዬ ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው ስልኩን አላነሣም።

የኬላው ጠባቂ እንደነገረኝ ምንዳዬ መንገዱን አያውቀውም። ጭላዳዎቹ ጧት ከገደሉ በየት በኩል እንደሚወጡ ጠባቂውን ጠይቆ ነው የሄደው። ደንቡ መንገዱን ማወቅ ግዴታ አላደረገም።

ከሰዓት በኋላ የጫኔን ላንድሮቨር ገብስ ጭና ወደ ሞላሌ ገበያ ስትወርድ አየኋት። ጆንያዎቹ ከኋላ ወንበሮቹ ላይ ነበሩ። ለጎብኚዎቹ ብሎ ወንበሮቹን ያለበሰውን ቆዳ አውጥቶታል። እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ።

ኅዳር 26

እንጨት ተሸካሚዋ ሸክሟን አውርዳ ነበር። ጥግ ይዛ እንጨቱ ላይ ተቀምጣ ታርፍ ነበር። «ደኅና ዋሉ» ብላኛለች። እኔም ደኅና ዋይ ብያት አልፌያለሁ።

ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ መምሬ መልከ ጼዴቅ አብረን እንሂድ አሉኝ። ስለ ውርጭ፣ በዘመሮ በኩል ስለደረሰው ገብስ አወሩኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ለመሆኑ ያ ሰውዬ በቅሎውን የት ነበር ያሰራት?» አሉ።

«አጥሩ ላይ» አልኩ።

ትንሽ ሄድን።

«እንግዲያ መንገደኛ አልነበረማ» አሉ። «መንገደኛ ልጓሙን በእጁ እንደያዘ ነው የሚቆመው። ያሰረ ሰው ደርሷል።»

መልስ አልጠበቁም። በዚህ ዓመት ውርጩ ቶሎ መጣ አሉ። አዎ አልኩ።

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕጣው ዕለት ከመቀመጫቸው አልተነሡም። በቅሎዋን አላዩዋትም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ቀረ።

ጫኔን ፈልጌ ሄድኩ። ቤቱ በር ላይ ከላንድሮቨሯ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ወለተኪዳን፣ ሚስቱ፣ በርጩማ አመጣችልኝና «ጋሽ ቅጣው መጥቷል» አለችው።

«አይቼዋለሁ» አለ ከሥር። «ጫማውን።»

እስኪወጣ ጠበቅሁ። አልወጣም። እንደተጋደመ ነው ያወራነው።

«ጫኔ፣ አቤቱታህ ላይ የጠየቅኸው ጥያቄ...»

«እ?»

«ለምን እሱን ጠየቅህ?»

«መልሱን ስለማውቀው።» እምቢ ያለውን ብሎን ሲታገል ተሰማኝ። «ያን ዕለት ዘግይቼ ነው የገባሁት። ከድልድዩ ወዲህ ጎማዬ ተንፍሶ እየቀየርኩ፣ ሰውየው መጥቶ ሲያስር አየሁት። ከቅዳሴ ሳትወጡ ጀምሮ ቆሟል። አጎንብሼ ነው እንጂ አንተም ታየኝ ነበር።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ያልወጣለት ሰው ሲናገር ምን ይባላል?»

ያልወጣለት ሰው ሲናገር የሚባለውን እኔም አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ላይ «ቅሬታ ያደረበት» ብዬ ጽፌዋለሁ።

«እኔ ብናገረው ወሬ ነው» አለ። «አንተ ከጻፍከው ግን ደብዳቤ ነው። ጽሕፈትህ ድሮም ያምር ነበር። አሥር ቁጥር መፍቻዋን አቀብለኝ።»

አቀበልኩት።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ጻፍኩት። ቅጂውን እዚህ ላስቀምጠው፤

«ለአቶ ጫኔ። በኅዳር 17 ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ። ዕጣውን ያወጣው ሰው አቶ ይሥሐቅ ይባላል። ከራቤል መጥቶ ለቅበላ ወደ አመልካች ቁጥር 26 ቤት ሲሄድ ነበር። የአመልካቹ አበልጅ ነው። በቅሎውን አጥር ላይ አስሮ ይጠብቅ ነበር፤ የሚጠብቀውም እኔን ነው። ከእሱ ይልቅ የምትቀርብ መንገደኛ ነበረች፤ አልጠራኋትም። ሰውየውን ከመጥራቴ በፊት አውቀው ነበር። ቅጣው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ።»

ብዙ ረቂቅ አላስፈለገውም።

ማኅተም ከማድረጌ በፊት ለተሾመች ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆማ አነበበችው። ጀርባዋን ነው የማየው። አንድ ገጽ አይሞላም፤ አምስት ገጽ የሚነበብበትን ያህል ቆየች። «አመልካች ቁጥር 26» የሚለው ላይ ጣቷን እንዳደረገች መጣች። ስሙን ያልጻፍኩት ለእሷ ብዬ ነበር።

«ቀን አልጻፍክበትም» አለች።

ጻፍኩበት።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ደብዳቤው ደረሰ። ግልባጭ ለኮሚቴው፣ ግልባጭ ለሐና፣ አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ። በሙጫ።

ምንዳዬ ቢሮ መጣ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩህም» አለ።

እውነቱን ነው። ጥራልኝ አላለም። በቅሎ አለችው ነው ያለው።

«አላልከኝም» አልኩት። «ደብዳቤውም አልከኝ አይልም።»

«እንደሱ ከሆነ የኔ ጥፋት ምንድን ነው?»

እያሰብኩ ሳለ ወጣ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ስብሰባ። ቃለ ጉባኤውን የያዘችው ሐና ናት፤ እኔ አጀንዳ ቁጥር አንድ ስለሆንኩ።

የወጣላቸው ሌሎቹ ሰባት «የኛ ንጹሕ ነው፣ የምንዳዬ ብቻ ይሰረዝ» አሉ። ሐና «ስምንቱንም ያወጣው ያው እጅ ነው» አለች። ያልወጣላቸው አሥራ አንዱ አጨበጨቡ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ጫኔ ነው፤ እሱ አላጨበጨበም። የስምንቱም ተሰረዘ። አዲስ ዕጣ ለታኅሣሥ 12 ተቆረጠ።

አንዱ ምንዳዬ ከዕጣው ይውጣ አለ። ሐና ደንቡን ገልጣ ፈለገችና የአበልጅነት ክልከላ የለበትም አለች። «የሚቀጥለው ዓመት ይገባል» ብላ ጻፈች።

ስለ እኔ መምሬ ተናገሩ። «መዋሸቱንስ አልዋሸም» አሉ። «ግን የተጠየቀውን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ማኅተሙን ያስረክብ።» አስረከብኩ። መዝገቡን፣ የዘጠኝ ዓመቱን ቃለ ጉባኤና የካቢኔቱን ቁልፍም። ሐና እየቆጠረች ተረከበችኝ። ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31 ላይ ስትደርስ «መንገደኛ» ከሚለው ቃል አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደረገች።

ቤት ስገባ ተሾመች የለችም። ወንድሟ ጋ ሄዳ ነበር። ሲመሽ መጣች። ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። «ምስር በልቷል» አለች።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ዕጣው ተጣለ። እንደ ማንኛውም ሰው ከኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ የሚባለው ሁሉ አይሰማም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላ ያለው ሰው ለምን ይጮኽ እንደነበር አሁን ገባኝ።

በዚህኛው ምልክቱ አንድ ዓይነት ሆነ። ሐና አሥራ ዘጠኝ እኩል የሚሆኑ ደረቅ ባቄላዎች መርጣ አመጣች። እያንዳንዱ እዚያው ተቀምጦ በምስማር የራሱን ጭረት ጫረበትና ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። መንገደኛ ለመጥራት ሦስት ሰው ወጣ። ከእውር ባሏ ጋር ወደ ጠበል የምትሄድ ሴት ይዘው መጡ። መምሬ ከየት ወዴት ብለው ጠየቋት፤ ተናገረች፤ ሐና ጻፈች። ባልየው ከነበትሩ በሩ ጋ ቆሞ ጠበቃት።

አንደኛው ወጣ፣ «የኔ ነው» ተባለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚሁ። አምስተኛውን ባቄላ ሐና ከፍ አድርጋ «ሦስት ጭረት» አለች።

ማንም «የኔ ነው» አላለም።

«ሦስት ጭረት፣ ጎን ለጎን» አለች። ባቄላዋ በፊት ረድፍ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። መምሬ «ባለቤት የላትም?» አሉ። ሴትየዋ ያጠፋች መስሏት እጇን ከባርኔጣው አወጣች።

ምንዳዬን አየሁት። ጉልበቶቹን ነው የሚያየው። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ድምፅ ግን የለም። ተሾመች ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። እኔም አውቄያለሁ፤ ምንዳዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የበጎቹን ጆሮ ምልክት የሚያደርገው ሦስት ጭረት ነው። ሁሉም ባቄላዋን ያያል። የኔ መናገር ምን ሊጠቅመው እንደሚችል አሰብኩና ዝም አልኩ።

«የምንዳዬ ናት» አለ አንድ ሰው ከጎን። ጫኔ ነው። «አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው የጫራት። ቀጥሉ፣ ሴትየዋ መንገደኛ ናት።»

«ምንዳዬ፣ ያንተ ናት?» አለች ሐና።

«የኔ ናት» አለ። ከኋላ አልተሰማም፤ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ሦስት ቀርቶ ነበር። ሦስቱም ወጡ። አንዱ ከዘመሮ ለመጣ ልጅ፣ አንዱ ለዚያ ክላክሱ ለማይሠራው፣ የመጨረሻው ለማላውቀው ሰው። ጫኔ አልወጣለትም። ባርኔጣው ሲገለበጥ ባቄላውን አልፈለገም።

ሰው ሲበተን ደጁ ላይ ተገናኘን። የሚለው ነገር ያለ መስሎኝ ቆምኩ።

«አሁን ዕጣ ነው» አለ።

አዎ አልኩት።

ኮቱን ቆለፈ። አንድ አንድ እያለ እስከ ላይ ቆለፈው፤ ነፋስ ነበር። «ማክሰኞ ገብስ ይዤ ሞላሌ ነኝ» አለ። «የምትልከው ነገር ካለህ በእናንተ በኩል አልፋለሁ።»

አለኝ አልኩት።

የምልከው ነገር የለኝም። እስከ ማክሰኞ አንድ ነገር መፈለግ አለብኝ።